በሱቄ ደጃፍ የተሟገቱላቸው መርከቦች

ዐረብ አገር መሄድ እንዲህ ሳይለመድ በሰፈራችን ባሕር ያየ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ባለቤቴ ነው። መካነ ሰላም ላይ ውሃ ማለት በጀሪካን ተቀድቶ የሚመጣ ወይም ክረምት ሲገባ መንገድ የሚቆርጥ ነው። ትልቁ ውሃችን ዓባይ ቢሆንም ከታች በረሃ ለበረሃ ስለሚሄድ ከከተማ አይታይም። ስለዚህ ባለቤቴ ስለ ባሕር የተናገረውን «እንዲያ አይደለም» የሚለው ሰው አልነበረም።

ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሱቄ የገባ ሁሉ ስለ እሱ መልካም መልካሙን ነግሮኛል። ጨዋታ አዋቂ ነበር፣ ሰው አያስቀይምም ነበር፣ ባሕረኛው እኮ የከተማው ጌጥ ነበር ይሉኝና ስኳራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ዝም እላለሁ። ዝም ያልኩት የምናገረው ስለሌለኝ አልነበረም፤ የእነሱ እስኪያልቅ ጠብቄ ነው። አሁን ያለቀ ይመስለኛል።

ወጣት ሳለ ባሕር ኃይል ተቀጥሮ ምፅዋ፣ በኋላም አሰብ ነበር። የጠረፍ ጥበቃ ጀልባ ሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥርዓቱ በተለወጠ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ከአሰብ በሳንቡክ ተሳፍሮ ወደ የመን ተሻገረ፤ ሳንቡክ በዚያ በኩል ዓሣ የሚያጠምዱባት የእንጨት ጀልባ ናት። ከየመን እንደ ምንም ብሎ አገሩ ገባ። እኔን ያገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከባሕር ይዞ የመጣው አንድ የተጨማደደ ነጭ ቆብ፣ ክንዱ ላይ የተነቀሰ መልሕቅና ወሬ ነው።

ወሬው ብቻውን ምንም ባላደረገን። የጎዳን ወሬው ጓደኛ ማግኘቱ ነው።

ጓደኛው ጎረቤታችን መምህሩ ናቸው። የአጅባር ሰው ናቸው፤ ታሪክ ሊያስተምሩ ተመድበው መጥተው እዚሁ ቀሩ። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ለፋሲካ እኛ ለእነሱ በሙስሊም እጅ የታረደ እናዘጋጃለን፣ ለአረፋ እነሱ ለእኛ በክርስቲያን እጅ ያሳርዳሉ። በዚህ በኩል የምወቅሳቸው ነገር የለኝም። የምወቅሳቸው በመጽሐፋቸው ነው። ስለ ዓለም ጦርነቶች የሚያወራ፣ የመርከብ ሥዕል የሞላበት ወፍራም መጽሐፍ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተውሰው ነበር፤ አልመለሱትም። ይህን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው።

ከዚያ መጽሐፍ ሙግቱ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከተሠሩት የጦር መርከቦች ሁሉ የቱ ይበልጣል? መምህሩ የጃፓኑን ያማቶን ያዙ፤ በዓለም እንደሱ ያለ መድፍና እንደሱ ያለ ወፍራም ብረት የተሸከመ የለም አሉ። ባለቤቴ የአሜሪካውን አዮዋን ያዘ፤ ይፈጥናል፣ በራዳር ያያል፣ በጨለማ ይተኩሳል አለ። የጀርመኑ ቢስማርክ የሁለቱም ምስክር ነበር፤ አንዴ ለአንዱ፣ አንዴ ለሌላው ይጠራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሱቄ ደጃፍ፣ ደንበኞቼ ጥላ ሲፈልጉ አረፍ እንዲሉበት ባሠራሁት አግዳሚ ላይ ነው።

የሚሟገቱትም ሰው እንደሚያወራው አይደለም። አያቶቻችን ርስት በሚሟገቱበት ወግ ነው። አንዱ ተነሥቶ ጋቢውን ያጣፋና ዘንጉን ወደ ፊት ሰብቆ «ተጠየቅ!» ይላል። ሌላው «ልጠየቅ!» ብሎ ይነሣል። ዋስ ይጠራል፣ ዳኛ ይሰየማል። ዳኛው ማንም ሊሆን ይችላል፤ ሳሙና ሊገዛ የመጣ ገበሬም ዳኛ ሆኖ ያውቃል። ገንዘብ አያሲዙም። የተረታው ለዳኛው ምርቃት ይከፍላል፤ ዳኛው በፈለገው ነገር ይመረቃል። አንዱ ላሙ እንድትወልድለት፣ አንዷ የልጇ ሳል እንዲለቀው፣ አንዱ ሚስት እንዲያገኝ ተመርቀዋል። ጨዋታ ነው ትሉ ይሆናል። እኛ አገር ግን ምርቃት ጨዋታ አይደለም። መራቂው ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ሲዘረጋ ሳቁ ይቆማል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል።

ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ተጠየቅ ባሕረኛው!» ይላሉ መምህሩ።

«ልጠየቅ የጠመኔው ጌታ!»

«መድፉ ግንድ የሚያህል፣ ብረቱ ክንድ ሙሉ፣
ከያማቶ ወዲያ መርከብ አለ በሉ!»

«ልጠየቅ መምህሩ!
ብረቱ ቢወፍር፣ መድፉም ቢበረታ፣
አውሮፕላን ሲመጣ መች ሆነው መከታ?»

መንገደኛው ያጨበጭባል። ከደጎሎ እህል ጭኖ የመጣው ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ይሰማል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት በሁለቱ ዘንጎች መሀል ጎንበስ ብለው አልፈው መስኮቴ ላይ ደረሱና፣ «የኔ ልጅ፣ ጨው አለሽ ወይስ ከመርከቡ ጋር ሰጠመ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

በዚያ ሁሉ ዓመት እኔን ዳኛ አድርገውኝ አያውቁም። አንድ ጊዜ መምህሩ «እትዬ ይፍረዱን» ሲሉ ባለቤቴ «እሷማ ታዳላለች» አለ። ለማን እንደማዳላ ግን አልተናገረም።

ልጄ ያደገችው ከዚያ አግዳሚ ሥር ነው። አንድ ልጄ ናት፤ እግዚአብሔር ሌላ አልሰጠኝም። ፊደል ሳትቆጥር ያማቶ ማለት ታውቅ ነበር። መምህሩ ሲመጡ እጃቸውን ስማ መጽሐፉን ትቀበላቸውና የመርከቦቹን ሥዕል በጣቷ ትከተላለች። አባቷ ሲሸነፍ ታኮርፋለች፣ ሲሸነፍ የዋለ ቀን ራቷን አትበላም። እናት ነኝና ያየሁትን ልናገር፤ ያቺ ልጅ አባቷ ስለ ባሕር የሚለውን ቄስ ስለ ሰማይ ከሚለው አብልጣ ታምን ነበር።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣላትም። በዚያን ጊዜ አብረዋት የተማሩት አንድ በአንድ እየሄዱ ነበር። የአንዷ ቤት የሣር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ ተመታ፣ የአንዷ እናት ገበያ ላይ በወርቅ ጥርስ ሳቀች። በሕጋዊው መንገድ መሄድ ተዘግቶ ስለነበር የሚሄዱት በጅቡቲ በኩል በባሕር ነው። በጀልባ የመን ይሻገራሉ፣ ከየመን በእግር ሳዑዲ ይገባሉ። ልጄ ከአቀስታ የመጣች ጓደኛ ነበረቻት፤ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ አንድ ቀን ደርሼባቸው «በባሕር አትሄጂም፣ ሬሳዬን ተራምደሽ ካልሆነ» አልኳት። ጓደኛዋን ይዛ ወጣች። ለአባቷ ነገርኩት። «ኧረ ተያት፣ ፈተናውን ትደግማለች» ብሎ ጋቢውን ደርቦ ወደ አግዳሚው ወጣ።

ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ ሁለቱ እንደ ወትሮው ተሰየሙ። ከቀትር በኋላ ነበር። ነፋሱ ከገብሱ ማሳ እየመጣ የሱቄን መጋረጃ ያራግባል። እኔ ከውስጥ ስኳር እመዝናለሁ። ልጄ ከቤት ወጥታ «ዛሬ ዳኛዋ እኔ ነኝ» አለች።

«ይቺ ታዳላለች» አሉ መምህሩ።

«አላዳላም ጋሼ። ማስረጃ ያመጣ ይረታል።»

ያን ቀን ባለቤቴ አልቀናውም። መምህሩ ጠምደው ይዘውታል። «አዮዋህ ይፍጠን፣ ማን ከለከለው? አንድ ቀን ግን ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ያን ጊዜ ማን ነው የሚችለው? ወፍራሙ ነው የሚችለው። ብረት ለክፉ ቀን ነው የሚወፍረው!» እያሉ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ይመታሉ። ባለቤቴ ልጁ ፊት መረታቱ አንገበገበው፤ ጋቢው ከትከሻው ሲወርድ እንኳ አልታወቀውም።

«ተጠየቅ መምህሩ!» አለ ድንገት። «ቢስማርክ ቀጭን ነበር? አልነበረም። በሸራ የተለበደች አሮጌ አውሮፕላን በጣለችው ቶርፒዶ መሪው ተመትቶ አንድ ቦታ ሲዞር አልተያዘም? ያማቶ ቀጭን ነበር? አልነበረም። የት ነው ያለው? ከባሕር ሥር! መርከብ በብረቱ አይመዘንም። ጥሩ መርከበኛ የያዛት ሳንቡክ ከያማቶ ትበልጣለች!»

«ጉድ በሉ!» አሉ መምህሩ ከት ብለው ስቀው። «ዛሬ አዮዋን ሸጦ በሳንቡክ መጣ!»

ልጄ ግን አልሳቀችም። እንደ ዳኛ ቀጥ ብላ፣ «ተሟጋች፣ ይህን በምን ታስረዳለህ?» አለችው።

«በራሴ» አለ ባለቤቴ። «ትልልቁ መርከባችን ሲቃጠል፣ እኔን ከአሰብ የመን ያደረሰችኝ ያቺ እንጨት ናት። ተኝቼ ነው የተሻገርኩት። ባሕር የሚጠላው ከባድ ነገር ነው። ቀላሉን አዝሎ ያሳልፈዋል።»

መምህሩ ዘንጋቸውን ተደግፈው ጥቂት ቆዩ። የሆነ ነገር ሊሉ ነበር። ከዚያ ፈገግ ብለው «አፌን ዘጋው» አሉ።

«ባሕረኛው ረትቷል!» አለች ልጄ። እጇን እያጨበጨበች እንደ ሕፃን ዘለለች።

የተረታው ይከፍላል። መምህሩ ጋቢያቸውን አስተካክለው «በይ ዳኛ፣ በምን ልመርቅሽ? በባል?» አሏት።

«አይ ጋሼ። መንገድ የሚያቀና ምርቃት ነው የምፈልገው።»

መዳፋቸውን ዘረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አላህ መንገድሽን ያቅናው። የብሱም ባሕሩም ይታዘዝልሽ። ከሄድሽበት በሰላም ያግባሽ» አሉ። አሚን ተባለ። ከሁሉም የባለቤቴ አሚን ጎላ ብሎ ይሰማ ነበር፤ ረትቶ ነበራ።

እኔ አሚን አላልኩም። እጄ ላይ ሚዛን ነበር። ጠርጥሬ አይደለም፣ ጠርጥሬ ቢሆን ሚዛኑን ወርውሬ በወጣሁ። ደጃፉ ላይ የቆሙ ሴቶች ግን አይተውኝ ነበር።

ልጄ በዚያው ሳምንት ከአቀስታዋ ጓደኛዋ ጋር ሄደች። አልጋዋን አንጥፋ፣ ሹራቧን አጣጥፋ ትራሷ ላይ አኑራ። ለአባቷ በአቀስታዋ ልጅ ወንድም በኩል ቃል ላከች፤ «ተመርቄ ነው የወጣሁት፣ እማዬ እንዳትሰጋ በላት» የሚል።

እኛ ዘንድ የሩቅ ሞት በስልክ አይነገርም። ዜናውን የሰማው ለሽማግሌ ይነግራል፣ ሽማግሌዎቹ ጎረቤት ሰብስበው ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ። ስለዚህ አንድ ማለዳ በሬን ከፍቼ ጎረቤቶቼን ተሰልፈው ሳይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ዐወቅኩ። ከፊት የቆሙት መምህሩ ነበሩ። ያ ሁሉ አንደበት ያን ቀን አንድ ቃል አላወጣም። ጀልባዋ ተገልብጣለች። አስከሬን የለም። ድንኳን መሀል ላይ ቀሚሷንና ሹራቧን ዘርግተን አለቀስን።

ለቅሶው ሳያልቅ ሴቶቹ ጀመሩ። እናቷ አሚን አላለችም አሉ። ሁሉ እጁን ሲዘረጋ እሷ ስኳር ትመዝን ነበር፤ የእናት አሚን የጎደለው ምርቃት ምን ያደርጋል አሉ። ማን እንዳለው ዐውቃለሁ። ዛሬም ከእኔ ነው ዘይት የምትገዛው፤ ዛሬም «እህቴ» ትለኛለች። በጽሑፍ ልመልስላት። አዎ፣ አላልኩም። ያሉት ሁሉ ምን አተረፉላት?

ከአርባው በኋላ ብዙም አልቆየም። አንድ ከሰዓት ከጓዳ ሆኜ የመምህሩን ድምፅ ሰማሁ፤ ዝግ ያለ ነበር፤ «ያማቶ» የምትለዋን ቃል ግን ለየኋት። ባለቤቴ መለሰ። መጀመሪያ ጆሮዬን አላመንኩም። ወጣሁ። ሁለቱም አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ዘንግ አልያዙም፣ አልቆሙም፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ስለ መድፍ ያወራሉ።

«አታፍሩም?» አልኳቸው።

መምህሩ ተነሡ። ባለቤቴ አልተነሣም። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ታዲያ ምን እናውራ?» አለ። «ስለ እሷ እናውራ?»

በማግስቱ አግዳሚውን ጎትቼ ጓሮ ከተትኩት። እነሱ ከመምህሩ ቤት ዱካ አምጥተው ተቀመጡ። በሳምንቱ ዝናብ ሲመታቸው ሳይ አግዳሚውን መልሼ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እንዲያው ተቀምጠው ተሟገቱ። ዳኛ አልሰየሙም። ባለቤቴም ሳንቡክ የሚለውን ቃል ሁለተኛ አላነሣም። ይህን ሰው አያውቅም። እኔ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሁልጊዜ እጠብቃት ነበር፣ ያቺን ቃል።

የአቀስታዋ ልጅ ከሳዑዲ ተጠርዛ የተመለሰች ጊዜ መጣችብኝ። እግሯ ቆስሎ ነበር፤ ያን መልኳን ፀሐይ በልቶታል። ሱቁን ዘግቼ ጓዳ አስገባኋት። ውሃ ሰጠኋት፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከደጅ የወንዶቹ ድምፅ ይሰማል።

«አባቷ ናቸው?» አለችኝ።

«ናቸው።»

ያኔ ነገረችኝ። ጀልባዋ ዳር ላይ ስትጠብቃቸው፣ ያን የሰው ብዛት አይታ እሷ አልሳፈርም ብላ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ነበር። እጇን ይዛ ያስነሣቻት ልጄ ናት። «አትፍሪ፤ አባቴ ባሕረኛ ነው። በትንሽ ጀልባ ተኝቶ ነው የተሻገረው። ትንሿ ትሻላለች ብሎ ሲረታ እኔ ነኝ የፈረድኩለት» አለቻት። ሌሎች የፈሩም ሰምተው ተሳፈሩ። መሀል ባሕር ላይ ሞተሩ ጠፋ፤ ደላላው «ወደዚህ ተጠጉ» ሲል ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተጋፋ። ይህችኛዋ ከጀሪካን ጋር ስትንሳፈፍ ሌላ ጀልባ አገኛት። ልጄን ከዚያ በኋላ አላየቻትም።

«ለአባቷ ልንገራቸው?» አለችኝ እያለቀሰች።

«አትንገሪው» አልኳት። «እኔ እነግረዋለሁ።»

አልነገርኩትም። ለእሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ይዤው የቆየሁት እንደ ቢላ ነው። በተናደድኩ ቁጥር ቤት ውስጥ እንዳለ ዐውቃለሁ፤ የምመዝበት ቀን ገና ነው እላለሁ። እሱም ቀድሞኝ ሞተ። ስኳር በሽታው እግሩን፣ ቀጥሎም ዓይኑን ወስዶበት፣ መጨረሻ ላይ አግዳሚው ድረስ እጁን ይዤ የማወጣው እኔ ነበርኩ። መምህሩ ከመጽሐፉ ያነቡለት ነበር። ቢላው እቤቴ ቀረ።

ባለፈው መስከረም መምህሩ ሊሰናበቱኝ መጡ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ደሴ ቤት ሠርቶ ሊወስዳቸው ነው። ዘንጋቸው አሁን ለሙግት ሳይሆን ለመራመጃ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ የባለቤቴን ቦታ ባዶ ትተው በራሳቸው ጥግ።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ። ደኅና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱ ደኅና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። ደሴ እንግዲህ… ማን ያውቀኛል ደሴ? አጥሩን አደራ። ድንች የተከልኩበትን ጥግ ዶሮዎችዎ ይውረሱት።»

ስልካቸውን አወጡ። ኔትወርክ ያን ቀን መጥቶ ነበር። ያማቶ ሰማያዊ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ አሳዩኝ፤ አንድ ፈረንጅ ከላይ ያወራል። «ይዩልኝ፤ ሥሩ የተጻፈውን ይዩ። ከየአገሩ ነው የሚሟገቱት። አንዱ ያማቶ ይላል፣ አንዱ አዮዋ ይላል፣ ይሳደባሉ። እኛ ብቻ ነን ያበድን ብዬ ነበር» አሉ። ሊስቁ ሞከሩ።

ስልኩን በእጄ ገፋ አደረግኩት።

«እትዬ» አሉ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው። «ከመሄዴ በፊት አፉ እንዲሉኝ፣ ይቅር እንዲሉኝ ነው የመጣሁት። ዕድሜ ልኬን ደጅዎን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ሙግቱንም ልዝጋው። ለወዳጄ ተረትቻለሁ። አንቱ ዳኛ ይሁኑና ይፍረዱለት። ይህን ይዤ ልሂድ።»

ስጦታ ያመጡልኝ መስሏቸዋል። ፊታቸውን አየሁት፤ ከልባቸው ነበር።

«በየትኛው ሙግት ነው የተረቱለት?» አልኳቸው።

«በመጨረሻው ነዋ። በሳንቡኳ። መልስ አልነበረኝም።»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። የአቀስታዋ ልጅ ያለችኝን አንድም ሳላስቀር፣ አሸዋው ላይ የተባለውን፣ «እኔ ነኝ የፈረድኩለት» የተባለውን። ስልኩ ጭናቸው ላይ እየተናገረ ነበር፤ የሚያጠፉበትን አጡት። ራሳቸው ላይ ያለው የሶላት ቆብ ተንሸራቶ ነበር፣ አላነሡትም።

«ያ ረቢ» አሉ።

«ይነሡ» አልኳቸው።

«የት?»

«ይሟገቱ። ለሳንቡኳ መልስ ይስጡ። ዳኛዋ እኔ ነኝ።»

«እሱ ሞቶ?»

«እሷም ሞታለች።»

ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣፉ። ባዶው ጥግ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ።

«ተጠየቅ ባሕረኛው» አሉ።

ማንም አልመለሰም። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆሞ አየንና ሄደ።

«አንተ የተሻገርከው መርከበኛ ሆነህ፣ ከመርከበኞች ጋር ነው። ሞተሩ ቢጠፋ የምታስነሣ አንተ ነበርክ። አንድ ቀን ባሕሩ ተኝቶ ስላገኘኸው ሁልጊዜ የሚተኛ መሰለህ። ደርሶ የመጣው ብቻ ነው ቆሞ የሚመሰክረው፤ የቀረው ምስክር አይቆምም። ብረት… ብረት ወፍሮ የሚሠራው ለዚህ ነው። ደኅናውን ቀን እንጨትም ያልፈዋል።» ባዶውን ጥግ በዘንጋቸው ነካ አደረጉ። «ይህን ነበር የምመልስልህ ወንድሜ።»

«ያን ጊዜ ያውቁት ነበር?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ይህን መልስ። ዘንግዎን ተደግፈው ዝም ያሉ ጊዜ።»

ቢዋሹኝ ኖሮ ሳይሻለኝ አይቀርም ነበር።

«ዐውቀው ነበር» አሉ። «አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጨዋታው አማረ። ልጅቱም አባቷ ሲረታ… ዐይተዋታል፣ ፊቷ እንዴት እንደበራ። ላጥፋው እንዴ አልኩ።»

ይኸው ነው። ስንት ዓመት ጥፋቱን ባለቤቴ ላይ ብቻ ሳስቀምጥ ኖሬያለሁ። ሁለት ሰዎች ስለ ብረት ሲሟገቱ፣ አንዱ ለመርታት አንዱ ለደግነት፣ እውነቱን መሀላቸው ላይ ጣሉት። ልጄም አነሣሁት ብላ የያዘችው ሌላ ነገር ነው።

«ባሕረኛው ተረቷል» አልኩ። «ትልቁ መርከብ ይበልጣል።»

መምህሩ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ወግ ዐዋቂ ናቸው፤ ፍርድ ሲሰጥ ምን እንደሚከተል አይስቱም። «የተረታው ይከፍላል» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ የለም። ዋሱ እኔ ነኝ። በምን ልመርቅዎ እትዬ?» መዳፎቻቸው ወደ ላይ መውጣት ጀምረው ነበር።

ያን እጅ ዐውቀዋለሁ። በዚያ እጅ ነው ልጄ መንገዷን ያቀናችው።

«ዋስ አልቀበልም» አልኳቸው።

«እትዬ…»

«የተረታው ራሱ ይክፈል። ዕዳው እሱ ላይ ይቆይ። አንቱ በሰላም ይግቡ።»

እጃቸው በአየር ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ወረደ። አፉ ልበላቸው አልበላቸው አልጠየቁኝም። ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ አጥራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ሄዱ። ሲሄዱ ዘንጉ መሬት ሲነካ ይሰማኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የደሴው ሚኒባስ በደጄ አለፈ። ሱቁን ከፍቼ ስኳር እየመዘንኩ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ወደ እኔ ዞረው። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። መዳፋቸው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አላየሁም። እጄን ልዘረጋ ሚዛኑን አስቀመጥኩት። ሚኒባሱ ግን በአቀስታ በኩል ያለውን ዳገት ይዞ ነበር።